ክረምትን በጤና ማሳለፍ፦ የአዩርቬዳ ምክር፣ የቤት ቅመምና ሕክምና በሁሩታና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

በአጭሩ

• አዩርቬዳ ለዝናብ ወቅት ከሚሰጣቸው ምክሮች ዋና ዋናዎቹ ውሃን አፍልቶ መጠጣት፣ ትኩስና ቀለል ያለ ምግብ መመገብ እንዲሁም ከእርጥበት መራቅ ናቸው። እነዚህ ከዘመናዊ ሕክምና ጋር የሚስማሙ፣ ከቤታችን ልማድም ያልራቁ ናቸው።
• ዝንጅብል፣ ማርና ነጭ ሽንኩርት ጉንፋንንና ሳልን ሊያስታግሱ ይችላሉ። ወባን፣ ኮሌራን፣ ታይፈስንና የሳንባ ምችን ግን አያድኑም።
• በክረምትና ክረምቱ እንደወጣ ባሉት ወራት ትኩሳት የያዘው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። በተለይ ወደ አዳማ፣ ወንጂ፣ መተሐራ፣ መቂ ወይም ባቱ ወርዶ ከነበረ ምርመራው ሊዘገይ አይገባም።
• ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሕፃን እና እንደ ውሃ የቀጠነ ተቅማጥ የያዘው ሰው በቤት ቅመም እየታከሙ ቀን ሊቆጠርባቸው አይገባም።

ክረምት በሁሩታና በአካባቢዋ

ሁሩታ በአርሲ ዞን የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከእሷ ዝቅ ብሎ ያለው የስምጥ ሸለቆ ሞቃታማ ነው። አዳማ፣ ወንጂ፣ ሶደሬና መተሐራ ሁሉም ከሁሩታ ዝቅ ያሉ ናቸው። ይህ የከፍታ ልዩነት ለነዋሪው ጤና ትልቅ ትርጉም አለው። በደጋውና በወይና ደጋው ክረምት የሚያመጣው በዋነኛነት ብርድ፣ እርጥበት፣ ጉንፋንና የሳንባ ምች ነው። በቆላው ደግሞ ዝናቡ ሲያቋርጥ የሚቀረው ኩሬ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። ለንግድ፣ ለቀን ሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወደ ታች ወርዶ የሚመለስ ሰው ሁለቱንም ዓይነት ሕመም ሊያገኝ ይችላል።

ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል። በእነዚህ ወራት በሽታ የሚበዛባቸው ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው፦

• ጎርፍ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽን ወደ ምንጭ፣ ወደ ጉድጓድና ወደ ወንዝ ይወስዳል።
• ጭቃውና እርጥበቱ ዝንብ ያበዛል፤ እጅና ዕቃ ንጹሕ ሆኖ እንዳይቆይም ያደርጋል።
• ብርዱ ሰዎችን በአንድ ክፍል ያሰባስባል፤ በርና መስኮት ይዘጋል፤ ጭሱ ውስጥ ይቀራል።
• ልብስ ቶሎ ስለማይደርቅ ሳይታጠብ ይቆያል፤ ይህም ለቅማል ይመቻል።
• እህል በእርጥበት ይሻግታል።

አዩርቬዳ ምንድን ነው? ስለ ዝናብ ወቅትስ ምን ይላል?

አዩርቬዳ የሕንድ ጥንታዊ የሕክምና ሥርዓት ነው። ስሙ በሳንስክሪት ቋንቋ «የሕይወት ዕውቀት» ማለት ነው። በዛሬዋ ሕንድ ከዘመናዊው ሕክምና ጎን ለጎን በኮሌጅ ይሰጣል፤ አገሪቱም ለባሕላዊ ሕክምናዎች የተለየ ሚኒስቴር በ2014 እ.ኤ.አ. አቋቁማለች። ሥርዓቱ ሰውነት ቫታ፣ ፒታና ካፋ በሚባሉ ሦስት ኃይሎች ይመራል፤ ጤናም የሚጠበቀው የእነዚህ ሚዛን ሲጠበቅ ነው ብሎ ያስተምራል። ይህ የሦስት ኃይሎች ትምህርት በላቦራቶሪ የሚለካ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ በዚያ ላይ ተመሥርተው የተሰጡት የወቅት ምክሮች ብዙዎቹ ከረጅም ዘመን ልምድ የመጡ ናቸው።

ቻራካ ሳምሂታ የተባለው ጥንታዊ የአዩርቬዳ መጽሐፍ ዓመቱን በስድስት ወቅቶች ከፍሎ ለእያንዳንዱ የአመጋገብና የአኗኗር ሥርዓት ይሰጣል። የሕንድ የዝናብ ወቅት ከእኛ ሐምሌና ነሐሴ ጋር ይገጣጠማል። መጽሐፉ በዚህ ወቅት «አግኒ» የሚለው የምግብ መፍጫ እሳት ይደክማል፤ ስለዚህ ሆድ በቀላሉ ይታወካል ይላል። ምክሮቹም የሚከተሉት ናቸው፦

• ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ መጠጣት፤ የወንዝ ውሃ አለመጠጣት
• የከረመ ገብስ፣ ስንዴና ሩዝ መመገብ
• ለምግብና ለመጠጥ ጥቂት ማር መጨመር
• በውሃ የተበጠበጠ የዱቄት መጠጥ መተው
• ቀን አለመተኛት፤ ከመጠን በላይ ጉልበት የሚጨርስ ሥራ አለመሥራት
• ገላንና ልብስን ንጹሕና ደረቅ ማድረግ፤ ከእርጥበት መጠበቅ

አርሲ የገብስና የስንዴ አገር በመሆኑ ከእነዚህ ምክሮች አብዛኞቹ ለሁሩታ ነዋሪ እንግዳ አይሆኑም። ከውጭ የሚገዛ ነገርም አይጠይቁም።

ውሃ፦ የመጀመሪያው መከላከያ

ከምክሮቹ ሁሉ ሕይወት የሚያድነው ውሃን ማፍላት ነው። በክረምት የቧንቧ ውሃ ሲደፈርስ ወይም ሲቋረጥ፣ ወይም ከምንጭና ከጉድጓድ ሲቀዳ እንዲህ ያድርጉ፦

1. የደፈረሰ ከሆነ ያስቀምጡትና ይጥለል፤ ከዚያም በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ያጣሩት።
2. ገንፍሎ እስኪፈላ ድረስ ያፍሉት። ከፍታ ቦታ ላይ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል፤ በ2,000 ሜትር ላይ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ስለዚህ በሁሩታና ከዚያ በላይ ባሉ ቦታዎች ከገነፈለ በኋላ ለ3 ደቂቃ ይቆይ። በአዳማና በሌሎች ዝቅ ያሉ ከተሞች 1 ደቂቃ ይበቃል።
3. በፈላበት ዕቃ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። ከዚያ አፉ ጠባብ በሆነና ክዳን ባለው ጀሪካን ያስቀምጡት።
4. ሲቀዱ ያዘንብሉት እንጂ ኩባያ ወይም እጅ አያስገቡ።

ማገዶ ከተወደደ ወይም እርጥብ ከሆነ ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ የውሃ ማከሚያ መጠቀም ይቻላል። እንደ ውሃ አጋር ያለውን ፈሳሽ ወይም የክሎሪን እንክብል ማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይጨምሩ፤ 30 ደቂቃ ሳይሞላው አይጠጡት። ውሃው የደፈረሰ ከሆነ ማከሚያው በሚገባ ስለማይሠራ አስቀድመው ያጥሩት።

አዩርቬዳ የተበጠበጠ የዱቄት መጠጥ በዝናብ ወቅት ይቅር የሚለው ለእኛ በሶ ጥሩ ማስታወሻ ነው። በሶው ራሱ ችግር የለበትም። የተቆላ ገብስ ነውና ደረቅ ሆኖ ብዙ ይቆያል። ጉዳት የሚያመጣው የሚበጠበጥበት ያልፈላ ውሃ ነው። ለመንገደኛም ሆነ ለተማሪ በሶ ሲያዘጋጁ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይጠቀሙ።

በክረምት ምን እንመገብ?

ለብርድና ለደከመ ሆድ የሚስማማው ምግብ በቤታችን አለ፦

• ቁርስ፦ አጥሚት፣ የገብስ ወይም የአጃ ሾርባ፣ ቂንጬ፣ ገንፎ። ቅቤ የበዛበት ገንፎና ጩኮ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ሆድ በታወከ ጊዜ ግን ቅቤውን ይቀንሱ።
• ምሳና እራት፦ የምስር ክክ ወጥ፣ ሽሮ፣ የበሰለ ጎመን፣ ካሮት፣ ድንች። በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በእርድና በጥቁር አዝሙድ ሊቀመሙ ይችላሉ።
• ጥሬ ሰላጣ፦ በክረምት የወንዝ ዳር ጎመን፣ ሰላጣና ቲማቲም በጎርፍ ውሃ ይነካሉ። ማብሰል ይሻላል፤ ጥሬ የሚበላ ከሆነም በታከመ ውሃ በደንብ ይታጠብ ወይም ይላጥ።
• የተረፈ ምግብ፦ ያደረ ወጥ እስኪንተከተክ ድረስ ካልሞቀ አይብሉት። ሽታው የተለወጠውን ይጣሉት።
• ወተት፦ አፍልተው ይጠጡ።

ስለ ከረመ እህል ልዩ ማሳሰቢያ አለ። አዩርቬዳ የከረመ እህል ለሆድ ቀላል ነው ይላል፤ ይህ የሚጠቅመው ግን እህሉ በደረቅ ቦታ ከከረመ ብቻ ነው። የሻገተ እህል መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ መታጠብም ሆነ መቁላት መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። አርሲ ውስጥ በ2001 እ.ኤ.አ. በኤርጎት ፈንገስ የተበከለ ገብስ የበሉ ሰዎች እጅና እግራቸው ደም አጥቶ እስከ መበስበስ የደረሰ ሕመም ደርሶባቸዋል። ኤርጎት በእህሉ ፍሬ ቦታ ጥቁርና ረዘም ያለ ነገር ሆኖ ይታያል። እህል ሲለቅሙ እንዲህ ያለውን፣ እንዲሁም የሻገተና ቀለሙ የተለወጠውን ለይተው ይጣሉ፤ ለከብትም አይስጡ። ጆንያውን ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ።

በጾም ወቅት፣ ለምሳሌ በፍልሰታ፣ የታመመ ሰው መድኃኒቱንና ውሃውን ማቋረጥ የለበትም። ስለ ጾሙ ከሐኪምዎና ከሃይማኖት አባትዎ ጋር ይነጋገሩ።

ጉንፋንና ሳል፦ የቤት ቅመም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው

ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን በአብዛኛው ከአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ በራሱ ይድናል። አንቲባዮቲክ አያሽረውም። እስኪሻል ድረስ የሚያስታግሱ ነገሮች አሉ፦

የዝንጅብል ሻይ። የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ዝንጅብል ከትክተው በሁለት ብርጭቆ ውሃ ለ10 ደቂቃ ያፍሉ። ሎሚ ይጨምሩበት። ዝንጅብል ማቅለሽለሽን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል፤ ትኩስ መጠጡም ጉሮሮን ያለሰልሳል።

ማር። አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ከመኝታ በፊት ሳልን ያስታግሳል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል።

እርድ። በወጥና በወተት መጠቀም ጉዳት የለውም። በካፕሱል መልክ በብዛት መውሰድ ግን የተለየ ነገር ነው፤ ደም ከሚያቀጥኑ መድኃኒቶች ጋር ሊጋጭና ጉበትን ሊጎዳ ይችላል።

እንፋሎት። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ መታጠን ለአዋቂ አፍንጫ ይከፍታል። ለልጅ ግን አያድርጉ፤ በክረምት ወደ ጤና ተቋም ከሚመጡ የቃጠሎ አደጋዎች አንዱ መነሻ የፈላ ውሃ መገልበጥ ነው።

ዳማከሴ። «ምች መታኝ» ያለ ሰው ዳማከሴ ጨምቆ ማሸትና ከቡና ጋር መጠጣት የቆየ ልማድ ነው። ከንፈር ላይ ቁስል የሚያወጣው ምች አብዛኛውን ጊዜ በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ በራሱም ይድናል። አደጋው ሌላ ነው፤ የወባ ትኩሳትም፣ የታይፈስ ትኩሳትም ሲጀምር «ምች ነው» ሊባል ይችላል። ዳማከሴው ቢደረግም ምርመራው መቅረት የለበትም።

ጤና አዳምና ፌጦ። ነፍሰ ጡር እናቶች ጤና አዳምን በመድኃኒትነት መውሰድ የለባቸውም፤ ማሕፀንን ሊያነሳሳ ይችላል። ፌጦም በእርግዝና ጊዜ ቢቀር ይመረጣል።

ተቅማጥ ሲመጣ

በክረምት ተቅማጥ የተለመደ ነው። ሰውን የሚገድለው ከሰውነት የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ኦ.አር.ኤስ. ነው። በጤና ኬላ፣ በጤና ጣቢያና በመድኃኒት ቤት ይገኛል። ማሸጊያው ላይ በተጻፈው የንጹሕ ውሃ መጠን በጥብጠው ይስጡ፤ የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ።

ኦ.አር.ኤስ. እስኪገኝ ድረስ በቤት ማዘጋጀት ይቻላል፦ 1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ጨው። ጨው ከዚህ አይብዛ።

ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ፦

• ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ፦ ሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ፣ በማንኪያ ቀስ በቀስ
• ከ2 ዓመት በላይ ላለ ልጅ፦ ግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ
• ለአዋቂ፦ የጠማውን ያህል

ልጁ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይተው በዝግታ ይቀጥሉ። ጡት አይከልክሉ፤ ምግብም አይከልክሉ። ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የዚንክ እንክብል ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ተቅማጡ ቢቆምም ይጨርሱት።

ዝንጅብል ወይም አብሽ ማቅለሽለሽንና የሆድ ቁርጠትን ቢያቀልም የወጣውን ውሃ አይተካም። ኮሶና ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት በዚህ ጊዜ መስጠት ደግሞ በደረቀ ሰውነት ላይ ሌላ ድርቀት መጨመር ነው።

የሩዝ ውሃ የመሰለ፣ ብዛት ያለውና ድንገት የጀመረ ተቅማጥ ኮሌራ ሊሆን ይችላል። በተለምዶ አተት የሚባለው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ኮሌራ ለአርሲ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በጎረቤት ባሌ ዞን የታየው ወረርሽኝ ወደ ብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ተዛምቷል። እንዲህ ያለ ታማሚ መንገድ ላይም ኦ.አር.ኤስ. እየጠጣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። አስታማሚውም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ትኩሳት፦ አንድ ቀን የማይጠበቅበት ሕመም

ወባ። በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ወባ የሚበረታው ዋናው ዝናብ ካበቃ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ትንኟ ከነደፈች በኋላ ምልክቱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ቆይቶ ነው። ስለዚህ ከወንጂ ወይም ከመተሐራ ተመልሶ ሁለት ሳምንት የቆየ ሰው ሁሩታ ላይ ብርድ ብርድ ሲለው ወባን ላያስብ ይችላል። ለሐኪሙ በመጀመሪያ የሚነገረው «ቆላ ወርጄ ነበር» የሚለው ቃል ነው።

ከፍታ ይከላከላል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያድንም። በ1958 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከ1,600 ሜትር በላይ ያሉ ወይና ደጋ ቦታዎችን ሳይቀር አዳርሶ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል። በቅርቡም በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። በደጋ ያደገ ሰው ለወባ የተለማመደ የመከላከል አቅም ስለሌለው ሕመሙ ሊጸናበት ይችላል።

ዕፅዋትና ወባን በተመለከተ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። ዛሬ ወባን የሚያድነው አርቴሚሲኒን የተገኘው ከቻይና ባሕላዊ መድኃኒት ከሆነ ተክል ነው፤ ተመራማሪዋ ቱ ዩዩ ለዚህ ሥራ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። ይህ ማለት ግን ቅጠሉን አፍልቶ መጠጣት ያድናል ማለት አይደለም። በሻይ ውስጥ ያለው መጠን ትንሽና የማይታወቅ ስለሆነ ጥገኛ ተሕዋሲያኑ ሳይሞቱ መድኃኒቱን እንዲለምዱ ያደርጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ሻዩን ለሕክምና አይደግፍም። ኒምም እንዲሁ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚበቅለው ይህ ዛፍ በአዩርቬዳ ትልቅ ስም አለው፤ ነገር ግን የወባ መድኃኒት አይደለም፤ ዘይቱን ለሕፃን ማጠጣትም መርዝ ነው።

በአገራችን ሁለት ዋና የወባ ዓይነቶች አሉ። ፋልሲፓረም የሚባለው ቶሎ የሚያከፋ ሲሆን ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮአርተም ይታከማል። ኮአርተም በ3 ቀን 6 ጊዜ ይወሰዳል፤ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በተሻለ ወደ ደም ይገባል። ቫይቫክስ የሚባለው ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል ተጨማሪ መድኃኒት ያስፈልገዋል። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው። «ተሻለኝ» ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ፣ የተረፈውን ለጎረቤት ማካፈልም ልክ አይደለም።

ለመከላከል፦ በአጎበር ውስጥ ይተኙ፤ ወደ ቆላ ሲወርዱም አጎበር ይዘው ይሂዱ። በቤት አካባቢ የተጠራቀመ ውሃ ያፋስሱ። በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘች፣ በኋላም በአዋሽ ሰባት ኪሎና በድሬዳዋ የታየች አዲስ የወባ ትንኝ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። ስለዚህ በርሜልና ሮቶ ዓመቱን ሙሉ ይከደን።

ታይፈስና የሚያገረሽ ትኩሳት። ሁለቱም በልብስ ቅማል ይተላለፋሉ። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበትና ልብስ በማይቀየርበት ቦታ ይነሳሉ። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታትና ቁርጥማት ያመጣሉ። በአንቲባዮቲክ ይድናሉ፤ ነገር ግን ሕክምናው በጤና ተቋም ክትትል ይሁን። ልብስና ብርድ ልብስ በፈላ ውሃ ይታጠብ።

ታይፎይድ። በተበከለ ውሃና ምግብ የሚመጣ ሲሆን ትኩሳቱ ቀስ በቀስ እየጨመረ ይሄዳል። በተለምዶ የሚደረገው የደም ምርመራ ሁልጊዜ አስተማማኝ ስላልሆነ «ታይፎይድ አለብህ» ቢባሉም የወባ ምርመራ መደረጉን ይጠይቁ።

የልጆች ሳንባ ምች

ሳንባ ምች በክረምት ትንንሽ ልጆችን ከሚያጠቁ ከባድ ሕመሞች አንዱ ነው። ወላጅ ራሱ ሊለየው ይችላል። ልጁ ተረጋግቶ ሳለ ልብሱን ገልጠው የደረቱን መነሳት ለ1 ደቂቃ ሙሉ ይቁጠሩ። በ1 ደቂቃ ውስጥ ቁጥሩ ከዚህ ከደረሰ ወይም ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት፦

• ከ2 ወር በታች፦ 60
• ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት፦ 50
• ከ1 እስከ 5 ዓመት፦ 40

ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ካቃሰተ ወይም መጥባት ካቃተው ሁኔታው አስቸኳይ ነው። ቅቤ ማዋጥ፣ እንጥል ማስቆረጥና ደረቱን በቅባት ማሸት ጊዜ ያባክናሉ፤ ቅቤው ወደ ሳንባ ሊገባ፣ ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል።

ቤት፣ ከሰልና ልብስ

• የተቀጣጠለ ከሰል ይዘው በተዘጋ ክፍል አይተኙ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው በእንቅልፉ ሳለ ይገድላል። ምድጃው ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ።
• ምግብ ሲበስል በር ወይም መስኮት ይከፈት፤ ሕፃን በጀርባ ታዝሎ ጭስ ላይ አይቆይ።
• ከጭቃ ሲመለሱ እግርዎን ይታጠቡ፤ የጣቶችዎን መካከል ያድርቁ። እርጥብ ካልሲና ቦት ጫማ ለብሶ መዋል የእግር ፈንገስ ያመጣል።
• ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር ፍራሽና ብርድ ልብስ ያውጡ።

የአዩርቬዳ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት

እስካሁን የተነገረው ስለ ምግብና አኗኗር ነው። በእንክብልና በዱቄት መልክ የሚሸጠው የአዩርቬዳ መድኃኒት ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሥርዓቱ ውስጥ አንዳንድ መድኃኒቶች ሆን ተብሎ ከብረታ ብረት ጋር ይሠራሉ። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ (ሊድ)፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። እነዚህ ኩላሊትን፣ ነርቭንና የልጆችን አእምሮ ይጎዳሉ። አሽዋጋንዳና ጊሎይ የሚባሉት ታዋቂ ዕፅዋትም በአንዳንድ ሰዎች ላይ የጉበት ጉዳት ማድረሳቸው ተዘግቧል።

ስለዚህ ከውጭ በሰው እጅ የመጣ፣ የውስጥ ይዘቱ ያልተጻፈበት ወይም በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያልተመዘገበ ምርት አይውሰዱ። የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪምዎ አይደብቁ፤ ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱ።

ተጨማሪ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው

• ነፍሰ ጡሮች፦ ከምግብ ቅመም ያለፈ ማንኛውንም ዕፅ ያለ ሐኪም ምክር አይውሰዱ። ወባ በእርግዝና ጊዜ ለእናትም ለጽንስም አደገኛ ነው።
• የስኳር ሕሙማን፦ ማር ስኳር ነው። አብሽ በብዛት ሲወሰድ የደም ስኳርን ሊያወርድና ከመድኃኒትዎ ጋር ተደምሮ ሊያዞርዎ ይችላል።
• ዋርፋሪን የሚወስዱ፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ በምግብ ልክ ይሁን።
• የኤች.አይ.ቪ.፣ የቲቢ፣ የደም ግፊትና የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ፦ ቅጠል ጀምሬአለሁ ብለው መድኃኒቱን አያቋርጡ። ክረምቱ መንገድ ከመዝጋቱ በፊት በቂ መድኃኒት ይያዙ።

ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም የሚያስሄዱ ምልክቶች

• ማንኛውም ትኩሳት፣ በተለይ ቆላ ወርዶ ለነበረ ሰው፦ በ24 ሰዓት ውስጥ
• ራስን መሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት፣ የአንገት መገተር
• ጡት ወይም ፈሳሽ መውሰድ አለመቻል፤ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ
• የዓይን መሰርጎድ፣ የሽንት መቀነስ፣ የቆዳ መሸብሸብ፣ ከባድ ድካም
• ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወይም ከ3 ቀን በላይ የቆየ ተቅማጥ
• የትንፋሽ መፍጠን ወይም ማጠር
• የዓይን ወይም የቆዳ ቢጫ መሆን፣ እንደ ኮካ የጠቆረ ሽንት
• ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል

ለመጀመሪያ ምክር በቀበሌዎ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያነጋግሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። መንገዱ በጎርፍ ሊቋረጥ የሚችልበት ሰፈር ከሆነ ቀን ሳለ፣ ሕመሙ ሳይጸና መነሳት ይሻላል።

በዚህ ክረምት ከቤት የማይጠፉ ነገሮች

ሁለት ሦስት ፓኬት ኦ.አር.ኤስ.፣ የውሃ ማከሚያ፣ ሳሙና፣ ያልተቀደደ አጎበር፣ ክዳን ያለው ጀሪካን፣ ዝንጅብልና ማር። ዝንጅብሉና ማሩ ለሳሉ ናቸው። ትኩሳት፣ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ወይም የልጅ ትንፋሽ መፍጠን ከመጣ ግን ሻዩ እስኪፈላ ሳይጠብቁ ይነሱ።